ሁለተኛው ሙከራ

ሟቹ ከማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ቅንድቡና ጢሙ ላይ ውርጭ ይዞበታል። ላየው ሰው የሞተ ሳይሆን ሥራ በዝቶበት ዓይኑን ለአፍታ ያሳረፈ ይመስላል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰሞኑን ተቀምጦ ያላንቀላፋ ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን ደረጃ ብረቱን ተደግፋ ወረደች። ጉልበቷን ያማታል፣ ጡረታዋ ደርሷል፣ የተጠራችውም ቁርሷን ሳትጨርስ ነው። ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰው ጠበቋት፦ የኮምፒውተር ስህተት ነው፣ በሩ አልከፈት ብሎት በብርድ ሞተ፣ አለቀ። እሷ ግን ሌላ ሰው ያኘከውን መዋጥ አትወድም። ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ፣ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ አዘዘች።

«ውርጩ ይቆይልኝ» አለች።

ድርጅቱ ለሆስፒታሎች የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ክፍሎች በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ቅዝቃዜውንም የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ይሠራል። ይህ የምድር ቤት ክፍል የሙከራ ክፍላቸው ነው። በውስጥ በኩል ሁለት መውጫ አለው፤ አንደኛው ሲጫኑት ሶፍትዌሩን «ክፈት» ብሎ የሚያዝ አረንጓዴ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ቢያብድም፣ መብራት ቢጠፋም በእጅ ተስቦ በሩን የሚከፍት ቀይ የብረት እጀታ ነው።

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ሳትነካ ተመለከተች። ግድግዳውም፣ መደርደሪያውም፣ እጀታውም ውርጭ ለብሰዋል። የሟቹ ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ሲበርድ አድሯል። ውርጭ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጀታውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ብሎን። አናቱ ጥርት ብሎ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ላይም አዲስ ጭረት አለ። ፎቶ ካስነሳች በኋላ በሩን ከውጭ አዘግታ እጀታውን ሳበችው። በሩ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ታዲያ ይህ ሰው ለምን እጀታውን ስቦ አልወጣም? ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ በብረት በተለበጠው ክፍል ግን ስልክ አይሠራም። ዘበኛው ያለው ግቢው በር ላይ ነው፣ ከምድር ቤቱ ምንም አይሰማም።

ፎቅ ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን አነጋገረች። እርጅና የተጫናቸው፣ ክራቫታቸው የተጣመመ ሰው ናቸው። ሟቹ የሶፍትዌር ፈታሽ እንደነበረና ሁሉም «ድገመው» እያለ እንደሚጠራው ነገሯት። አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ በዓይኑ ካላየ አይናገርም፣ አንድ ማስተካከያም ሁለት ጊዜ ካልሠራ አያልፍም። «አንዴ የሆነ አጋጣሚ ነው» ይላል። ትናንት ከሰዓት በሩ እየተዘጋ ሳለ የቅዝቃዜው ደወል ሲጮህ አረንጓዴው ቁልፍ እንደሞተበት መጥቶ ነገራቸው። የሶፍትዌሩ ርክክብ የሚፈረመው ደግሞ ማታውኑ፣ ከከተማው ማዶ ባለው የሆስፒታሎቹ ቢሮ ነበር።

«ጮህኩበት» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠረጴዛውን እያዩ። «እሱ እቴ፣ ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› አለኝ። ደግሜ አይቼው ፊርማው ላይ መጥቼ እነግራቸዋለሁ ብሎ ሄደ። ሳይመጣ ቀረ። ስልኩም አይነሳም። በሱ ቦታ የጥራት ኃላፊው ፈረመ።»

«ደስ አለዎት?»

«ትናንት አዎ። ዛሬ ግን ድርጅቴ ሰው ገደለ ይባላል። እጀታውን የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው፤ ጥፋቱ የእጀታው በሆነ እያልኩ ነው ጠዋቱን ሙሉ የምለምነው። እንዲህ ያለ ጸሎት ያሳፍራል፣ ግን እውነቱን ልንገርዎት።»

የበሩን ፕሮግራም የጻፈችው ልጅ ዓይኗ ቀልቷል። ከሳሽ ሳይመጣባት ራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች፤ መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለቻት። ቃሏን ለፖሊሶቹ ለመስጠትም ተዘጋጅታ ነበር። ያ ቃል ከተጻፈ እስር ቤት እንደሚያስገባት መርማሪዋ ታውቃለች። ጉልበቷ እያመማት ወንበሯን አስጠጋች።

«ጋሼ ትናንት ‹አብረን እንድገመው› ብሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «ደክሞኛል፣ ነገ አልኩት። ነገ ይኸው ነው።»

«እጀታውስ፣ ልጄ? አይሞክረውም ነበር?»

«ሳይሞክርማ አይገባም። በሩ ክፍት እንዳለ ይስበዋል፣ መቆለፊያው ሲሸሽ ካየ በኋላ ነው የሚዘጋው። ሁላችንም እናውቃለን፤ እንስቅበት ነበር። ከጥራት ኃላፊው ጋር ሥራ ሲጀምሩ አብረው ያወጡት ልማድ ነው።»

የጥራት ኃላፊው የሟቹ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው። ጢሙን ካልተላጨ ሰንብቷል፣ ሲናገር ግን ረጋ ያለ ነው። ጠዋት በሩን ከውጭ ከፍቶ ሟቹን ያገኘው እሱ ነበር። ሲጮህ ልጅቷ ሮጣ ገብታ ታሞቀው ይመስል ሬሳውን አቀፈችው፤ ሥራ አስኪያጁ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ።

«የፈታሽ ሥራ በሩ መከፈቱን ማየት አይደለም» አላት። «የማይከፈትበትን ቀን ቀድሞ መፈለግ ነው። እሱ ይህን ከሁላችንም የበለጠ ያውቅ ነበር። ኮዱ ነው የገደለው። ልጅቷ ላይ ግን አትጨክኑባት፤ ደክሟት ነው።»

«አንተስ ትናንት ማታ የት አመሸህ?»

ከፊርማው በኋላ ቤቱ እንደገባ ነገራት። «እንቅልፍ ጣለኝ» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ መርማሪዋም ይህን ልብ አለች። ሰው ስለ ሞተ ጓደኛው ሳያለቅስ ስለ እንቅልፉ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

ቀጥላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቱ ቤት ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ በሩን የሚገፋ ባል ምን ያህል እንደሚያሰለች ነገረቻት፤ ሳቀችና ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ማታ ደውሎላት ነበር። «‹ደግሜ አይቼው፣ ለሆስፒታሎቹ ሰዎች ነግሬያቸው እመጣለሁ፣ በሩን አትቆልፊ› አለኝ» አለች። «እኔም ሳልቆልፍ አደርኩ።»

መርማሪዋ እጇን ያዘቻት። ስትመለስ በምሳ ሰዓት ብቻዋን ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፣ ከዚያ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፣ አስከሬኑም ተነስቷል። ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል።

«እዚህ ቤት ነገር ሁለቴ ካልታየ አይታመንም አሉኝ» አለች መርማሪዋ። «እኔ እጀታውን ጠዋት አንዴ አይቼዋለሁ። ሁለተኛውን አብረን እንይ። አንድ ሰው ይግባ፣ በሩን እዘጋበታለሁ፣ በእጀታው ይውጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ልባቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። ልጅቷ ፊቷ ነጣ፤ ቢሆንም ወደ ፊት ቀረበች። «እኔ ልግባ። የኔ በር ነው።»

የጥራት ኃላፊው ትከሻዋን ይዞ መለሳት። «ተይ፣ እኔ እገባለሁ» አለ። «ምንም አይልም።»

እንደ ጓደኛው ልማድ በሩ ክፍት እንዳለ እጀታውን ሳበው። መቆለፊያው ሸሸ። ራሱን ነቀነቀና ገባ፤ መርማሪዋ ዘጋችበት። በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ሁሉም ያዩታል። እጀታውን ሳበ። እጀታው ዘንጉን ትቶ ባዶውን ተንሸራተተ። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ በሩን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ድምፁ በወፍራሙ በር አልፎ ታፍኖ ተሰማ።

«አጥብቄዋለሁ እኮ! ጠዋት አጥብቄዋለሁ!»

መርማሪዋ ወዲያው ከፈተችለት። ደፉ ላይ ቆሞ የራሱን ቃል የሰማ መሰለ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ማንም አልያዘውም፣ እሱም ለመሄድ አልሞከረም።

«ብሎኑን አሁን ያላላሁት እኔ ነኝ» አለች፣ መፍቻውን ከኪሷ አውጥታ። «ጠዋት ሁሉም ነገር ውርጭ ሲለብስ የዚህ ብሎን አናት ብቻ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ውርጩ ከያዘ በኋላ፣ ማለት ዛሬ ጠዋት፣ በመፍቻ ተጠብቋል። ጠዋት የሚጠብቅ ብሎን ደግሞ ሌሊቱን ልል ነበር ማለት ነው።»

«ጋሼ ግን ይሞክረዋል» አለች ልጅቷ በዝግታ።

«ሞክሮታል። አሁን እንዳያችሁት፣ በሩ ክፍት ሲሆን መቆለፊያው ምንም አልያዘም፣ ልል እጀታም ያንቀሳቅሰዋል። በሩ ሲዘጋ ነው ክብደቱ የሚመጣውና እጀታው የሚንሸራተተው። ይህን ያደረገው ሰው ሟቹ በሩ ክፍት ሳለ እንደሚሞክር ያውቃል። እሱንማ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥያቄው ያላላውን ማን መልሶ አጠበቀ ነው።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። እሳቸው ጥፋቱ የሌላ ፋብሪካ እጀታ በሆነ እያሉ ሲለምኑ ነው ያረፈዱት፤ ልሉን ብሎን ቢያገኙት እንደ ንብረት ሳይነኩ ያስቀምጡት ነበር። ልጅቷም እንደዚያው። ልል ብሎን እሷን ከእስር የሚያወጣ ነው፤ ሰው የገዛ መውጫውን በገዛ እጁ አይዘጋም።

«ልል ብሎን የሚያስፈራው ያላላውን ሰው ብቻ ነው» አለች። «እስኪጮህ ድረስም ከሟቹ ጋር ብቻውን የነበረው አንድ ሰው ነው። አሁንም ከሦስታችሁ እጀታው እንደሚሠራ እርግጠኛ ሆኖ የገባው እሱ ነው። ነገሩ በዚያው ቢቀርማ አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ፣ ይቺ ልጅ ልትታሰር ነበር።»

የጥራት ኃላፊው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ቁልፉ እንደሚሞት ነግሮኝ ነበር፤ ብሎኑን ያላላሁት ፊርማው እስኪያልቅ ላዘገየው ብዬ ነው። ሄዶ ይነግራቸዋል፣ ሥራው ይመለሳል፣ እንደገና ስንት ሳምንት ሳንተኛ። አልቻልኩም። ፈርሜ ስመለስ ልከፍትለት፣ ይስደበኝ ብዬ። ቤቴ መንገድ ላይ ነው፣ ሸሚዝ ልቀይር ገባሁ። ልተኛ አላልኩም፣ ተቀመጥኩ እንጂ። ስነቃ ነግቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያን ሁሉ ሳምንት ያጣደፏቸው እሳቸው ናቸው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ እዚህ ግን ሰው ይዞ ነው የተፈታው። ልጅቷ ወደ ጥራት ኃላፊው ዞረች።

«ጠዋት እኮ እንባዬን የጠረጉልኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

ፖሊሶቹ ኃላፊውን ሲያስነሱት ጫማው እንደ ሕፃን ጫማ በተሳሳተ እግር መሆኑን መርማሪዋ ያኔ አየች። በዚያው ጠዋት ነቅቶ፣ ምን እንዳደረገ ትዝ ብሎት፣ እንዴት እንደሮጠ ገባት። አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን ለሟቹ ሚስት የሚጠቅማት ነገር የለም።

ልጅቷን ወደ ጎን ወሰደቻት። አረንጓዴው ቁልፍ ትናንት ማታም እንደሞተ፣ ባይሞት ኖሮ ሰውየው ይወጣ እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻት። «ሁለተኛውን ሙከራ ጨርሶታል፤ ውጤቱን የሚነግረው ሰው ነው ያጣው» አለቻት። «ኮድሽ ታሟል፤ ተቆልፎበት የሞተው ግን በሰው እጅ ነው። ቃልሽን በልኩ ስጪ፣ ከልኩ አታሳልፊው። ከዚያ የታመመውን አድኚ፤ በሆስፒታሎቹ ክፍሎች ውስጥም ሰው ይገባል።»

ከሳምንታት በኋላ መርማሪዋ ያንኑ ደረጃ ወረደች፣ ጉልበቷ አሁንም ያማታል። የሟቹን የብርድ ጃኬት ይዛለች፤ ሚስቱ «ለዚያች ልጅ ይሁን» ብላ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታሎቹ ጋ ራሳቸው ሄደው ርክክቡን አስቀርተዋል። ልጅቷም አሁን የምትሠራው በፈታሹ ወንበር ነው።

ጃኬቱን ለበሰችው፤ እጅጌው ረዘማት፣ አጥፋ ሰበሰበችው። ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ደወሉ ጮኸ። አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን በሩ ተከፈተ። እንደገና አዘግታ በእጀታውም ወጣች።

«እሰይ፣ ሠራ» አለች መርማሪዋ፣ ወደ ደረጃው ዞር እያለች።

«ይቆዩ» አለቻት ልጅቷ። ተመልሳ ገባችና በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን እያሸች ሁለተኛውን ጠበቀች።