የዳነች ልጅ መዝሙር

ያች ሁለት ክፍል ቤት ዝምታ አታውቅም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናት የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየረገጠች መዝሙር ትደርሳለች፤ ግጥሙ እምቢ ሲላት እግሯ ቀጥ ይላል፣ ሲሰምርላት መኪናው ይከንፋል። ሹፌሩ ባሏ «ዛሬ ደግሞ የማን ሱሪ ሊጠብ ነው?» እያለ ይቀልድባታል። ድንቢጥ የሚሏት አንዲት ልጃቸው ከጨርቅ ቁርጥራጩ መሀል ተቀምጣ አዝማቹን ትቀበላለች። ምን ጎደላቸው? ምንም! ግን ደስታ ከድሃ ቤት ውሎ ማደር መቼ ለምዶ!

ድንቢጥ በስምንት ዓመቷ ፊቷ ዓይኗ እስኪሸፈን አበጠ። ኩላሊቷ ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኝታ፣ እናቷ ከአልጋዋ ሥር ወለል ላይ እያደረች፣ ከብዙ ጭንቅ በኋላ እብጠቱ ጎደለ። ሐኪሙ «እብጠቱ ጎደለ ማለት በሽታው ለቀቃት ማለት አይደለም። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፤ በየወሩ አምጥታችሁ አሳዩኝ» ብሎ አሰናበታቸው። እናትዬዋ ግን የሰማችው «ጎደለ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ዳነችልኝ፣ ልጄ ዳነችልኝ» የሚል አዝማች ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ በአፏ ይዛ ቤቷ ገባች።

እሑድ ልጇን የቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ ከጎኗ አቁማ ዘመረችው። ጉባኤው በአንድ እግሩ ቆመ! ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ያችን መዝሙር!» ሆነ። የታመሙ ልጆች ያሏቸው እናቶች የድንቢጥን ራስ ለመንካት ይጋፋሉ። የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ ባሏ «ነገ ከሥራ ቀርቼ ልውሰዳት እንዴ?» አላት።

«ድናለች ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ዘምሬ፣ ተመልሼ ሐኪም ቤት ልሰለፍ? ይሄ ምን ዓይነት እምነት ነው?» ብላ ተቆጣች።

ሹፌሩ ነገር አይወድም፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ሄደ። መድኃኒቱም ሲያልቅ የተካው አልነበረም።

ፍርሃቱ ግን የት ይሂድ? እናት በየማለዳው መጋረጃውን ገልጣ ሁሉን ትታ የልጇን የዓይን ቆብ ታያለች። «ደህና ነሽ የኔ እናት?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማዬ!» ይመጣል መልሱ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ። ልጅቷ ትራስ ደራርባ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ተቀምጣ መተኛት ጀመረች። ተጋድማ ካደረች ጠዋት ፊቷ እንደሚያብጥ ለካ ደርሳበታለች! በሙቀቱ ወፍራም ካልሲ አታወልቅም። «ምነው እንዲህ?» ስትባል «ይመቸኛል» ትላለች። እናትም «ይመቻት ይሆናል» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው በከንቱ አልነበረም...

አንድ ቀን የሕፃናት መዘምራን ልብስ ልትሰፋላት ሜትሯን በልጇ ወገብ አዞረች። ክንዷ ቀጥኗል፤ ሆዷ ግን ከድሮ ልኳ በብዙ አልፏል። ካልሲውን ዝቅ አደረገችው። ላስቲኩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። በጣቷ ብትጫነው ጉድጓዱ አልመለስ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

ድንቢጥ አቀርቅራ «መዝሙሩ ውሸት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው እማዬ... ሰዎቹ እንዳይስቁብሽ» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት እናት በወደደች! ልጅቷን አባቷ በሚነዳው መኪና ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሙ መረመራትና «የት ነበራችሁ?» አለ። ኩላሊቷ ሥራውን አቁሞ ነበር። ድንቢጥ ትንፋሿ እየተቆራረጠ እናቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«እማዬ... ያልዳነች ልጅስ ምን ብላ ትዘምር?»

ያን ሁሉ ግጥም የደረሰች እናት እቅፍ አድርጋት አለቀሰች። ሳምንቱ ሳይሞላ ድንቢጥ እዚያው እቅፏ ውስጥ አሸለበች።

በቀብሩ ላይ መዘምራኑ የቱን እንደሚዘምሩ ጨንቋቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ሳይዘምሩም ተመለሱ። ለቀስተኛው «ዕጣ ፈንታዋ ነው» ብሎ ተበተነ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ እናት ባሏ እግር ላይ ወደቀች። «ስደበኝ! የገደልኳት እኔ ነኝ! ምነው አንድ ቃል እንኳ ብትናገረኝ?»

ሹፌሩ ከወለሉ አነሳት። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

«ቀጠሮውን እያወቅሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አላት።

ተቃቅፈው አለቀሱ። ዕጣ ፈንታ! ስንቱን ጥፋታችንን አንተ ላይ አላከክን! የድንቢጥን ቀን ማን እንደቆረጠው እግዜር ይወቀው። ሕፃን ልጅ «አሞኛል» ማለት የፈራችበትን ቤት ግን የሠራው ዕጣ ፈንታ አልነበረም።