ከሴኡል የመጣ የዶሮ በርገር

«ጋሽ ቻላቸው! በሞቴ፣ ይህን ዶሮ ይባርኩልኝ!»

ስጦታ አውራ ዶሮውን በብብቷ ሸጉጣ የጎረቤቷን የቆርቆሮ በር በእግሯ ትደበድባለች። ዶሮው ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚሸጎጥ ዓይነት አልነበረም። ደባርቅ ገበያ ላይ የሸጠላት ገበሬ «ከጃናሞራ እዚህ ድረስ የመጣነው እሱ እኔን እየጎተተኝ ነው» ብሏት ነበር። ያኔ ስቃ ነበር፤ አሁን ግን ማመን ጀምራለች። ሁለት ጊዜ አምልጧታል። አንዴ ከባጃጅ ሥር፣ አንዴ ደግሞ ከአንድ ቄስ ጥላ ሥር ነው ጎትታ ያወጣችው።

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶች ይመጡባታል። በሰፈራቸው ዶሮን ሴት አትባርከውም፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ ወንድ የለም። እናቷ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ትናንት ዳባት ሄዳለች። አባቷ…

አባቷማ ኮሪያ ነው።

ማለትም፣ ስጦታ ለክፍሏ ልጆች የነገረቻቸው እንደዚያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነበር። ጥበብ የሚባለው፣ ዘንድሮ ከጎንደር የመጣው ልጅ፣ ስለበላው በርገር ሦስት ቀን ሙሉ አወራ። በሦስተኛው ቀን «እዚህ ከተማ ግን በርገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ?» ሲል የስጦታን ምላስ በላት። ስጦታ ምላሷን ከበላት ደግሞ አለቀ። ባለፈው ዓመት ለሒሳብ አስተማሪዋ «ደብተሬን ጭላዳ ዝንጀሮ ነጠቀኝ፤ ሲመልስልኝ የቤት ሥራዬን ሠርቶት ነበር፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሳተው» ያለች ልጅ ናት።

«ያንተ በርገር ምን አላት?» አለችው። «አባቴ ሴኡል ውስጥ ትልቅ ሆቴል ሼፍ ነው። የእስያ የዶሮ በርገር እኔ ቤቴ ነው የምሠራው። በስልክ አስተምሮኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ የትናየት ብድግ አለች። ስጦታና የትናየት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ የትናየት የስጦታን ወሬ ሁሉ አምና የምትሰማ ብቸኛ ሰው ናት።

«ማርያምን! እኔ ራሴ በቪዲዮ አይቻቸዋለሁ!» አለች። «ነጭ ኮፍያ አድርገው!»

አላየችም። ለጓደኛዋ ስትል ነው የማለችው። ሳቁ ቆመ።

«እንደዚያ ከሆነ ቅዳሜ መጥተን እንቅመሳ፤» አለ ጥበብ ፈገግ ብሎ። «በልተን ስንጨርስ ደውለን እናመሰግናቸዋለን። በቪዲዮ።»

እውነቱ ሌላ ነው። አባቷ ቢራራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰሜን ተራራ፣ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ፣ ለቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ነበር። እሱ ኮሪያ ሄዶ ባያውቅም ኮሪያ እሱ ድንኳን ድረስ መጥታ ታውቃለች። ቱሪስቱ ሲመናመን ሥራውም ተመናመነ፤ አሁን ዛሪማ ወርዶ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሳህን ያጥባል። በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን ቤት የቀረው አንድ ጠርሙስ ሶያ ሶስ፣ የኮሪያውያኑ ጥቁር ማጣፈጫ፣ ብቻ ነበር። እናቷ መድኃኒት መስሏት ከጸበሉ ጎን አስቀምጣዋለች።

ጋሽ ቻላቸው በመጨረሻ ቢላዋቸውን ይዘው ወጡ፤ በስመ አብ ብለው ባረኩላት። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ ደግሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተከትለዋት ገቡ።

«አንቺ ዳቦሽን ገዝተሽ ነይ፤ እኔ እበልትልሻለሁ።»

«እትዬ፣ ለበርገር ነው እኮ።»

«ለማንም ይሁን፤ እንግዳ እንግዳ ነው። ሂጂ።»

ዳቦ ቤት ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። ክቡ ዳቦ ምድጃ ውስጥ በግማሽ ልቡ ተቀምጦ መብራቱን ይጠብቃል፤ ስጦታም አብራው ጠበቀች። ዳቦዋን ታቅፋ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ገና አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን የሆነ ሽታ ተቀበላት፤ ሽታው ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ። ወደ ጓዳ የሮጠችውም ለዚያ ነው።

የዶሮ ወጥ ቁሌት ነበር።

«መጣሽ?» አሉ እትዬ አረጋሽ፤ ዓይናቸው በሽንኩርት ቀልቷል። «ሽንኩርቱን እኔ ከትፌ ጣድኩልሽ። እንቁላሉም ተቀቅሏል። ብልቱን ቁጠሪው፤ አሥራ ሁለት! አንድም አልጎደለ። በሎሚና በጨው ሰባት ውኃ ነው ያጠብኩት።»

ድስቱ ውስጥ ቁሌቱ ቀይ ሆኖ ይንተከተካል። ሳፋው ውስጥ አሥራ ሁለቱ ብልቶች፣ እያንዳንዳቸው ከነአጥንታቸው፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ ይመስል ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ በርገር ነበር እኮ ያልኩዎት።»

«እሱንም ከጎኑ ትሠሪዋለሽ፤ ማን ከለከለሽ?»

ስጦታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ምን ትበል? ሴትዮዋ ለእሷ ሲሉ ሁለት ሰዓት አልቅሰዋል። ስልኳ ላይ ያስቀመጠችውን ቪዲዮ ከፈተች፤ አርባ ሰከንድ ነው። በቪዲዮው አንዲት ሴት አጥንት የሌለውን የዶሮ ሥጋ እንደ ደብተር ገልጣ ትዘረጋዋለች። ስጦታም አንዱን መላላጫ አንስታ ሞከረች። ቢላዋው አጥንቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሥጋው እንደ አሮጌ ጨርቅ ይበጣጠሳል። ሁለተኛውን ስትጀምር ጣቷን ቆረጠች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ሳፋውን አየችው። አሥር ብልት ይቀራታል። ሁለት ሰዓት እንኳ የላትም። የትናየት በማርያም ምላለች።

ከውጭ የታወቀ ሳል ተሰማ።

አባቷ በር ላይ ቆሟል። የሊማሊሞ አቧራ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አልብሶታል። «አሠሪዬ ልጁን ሊድር ሄዶ ምግብ ቤቱ ተዘጋ። እኔም…»

«ማን አየህ?» አለች ስጦታ። ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ይኸው ነው።

ቢራራ ዞር ብሎ ከኋላው አየ። «ምነው? ሌባ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»

ያኔ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሁሉንም ነገረችው። ጥበብን፣ ሆቴሉን፣ የየትናየትን መሐላ፣ በቪዲዮ ሊደወል መሆኑን። ቢራራ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ መሬት መሬት እያየ ጫማውን በጫማው አበሰ።

«ሆቴሉ ስንት ፎቅ ነው?» አላት በመጨረሻ።

«… ሠላሳ።»

«አርባ ብታደርጊው ምን ነበረበት?»

ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ጓዳ ገባ። ስጦታ አባቷን በቤታቸው ምድጃ አጠገብ ቆሞ አይታው አታውቅም። ወንድ ምግብ ማብሰሉ ተራራ ላይ ሲሆን ሥራ ነው፤ ቤት ሲሆን የሰፈር ወሬ ነው።

«ቢራራ! በሞቴ ውጣ!» ጮኹ እትዬ አረጋሽ። «ወንድ ጓዳ ምን ይሠራል?»

«እኔ እዚህ የለሁም፣ እትዬ። ኮሪያ ነኝ።»

ቢላዋውን በሸክላ ሳህን ጀርባ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሳለው። ብልቱን አነሳ፤ በጣቱ አጥንቱን ፈለገ፤ ቢላዋው ተከተለ። ሥጋው ራሱ ከአጥንቱ የሚያመልጥ ይመስል ነበር። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ በደቃቁ ከተፈው፤ በጥሬ እንቁላልና በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ለወሰው።

«ቁሌቱን እንድፋው?» አለች ስጦታ።

«የሁለት ሰዓት ልፋት ይደፋል?» ሁለት ጭልፋ ቀዳና በትንሽ ብረት ድስት ጣደው። ሶያ ሶሱን ከጸበሉ ጎን አወረደ፤ አሸተተው፤ ፊቱ ለአንድ አፍታ ሳንቃበር ደርሶ የተመለሰ መሰለ። ሶሱን ቁሌቱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገው፤ ከዚያ ማር፣ ከዚያ ሎሚ። ቁሌቱ ጠቆረ፣ አብረቀረቀ፣ ማንኪያ ላይ መጣበቅ ጀመረ። «አንቺ ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን እንደ ክር አድርገሽ ክተፊ። በጨው፣ በሎሚና በትንሽ ስኳር እሺው።»

ሥጋውን እንደ ዳቦው አክብቦ በዘይት ጠበሰው፤ ጥቁሩን ቁሌት ቀባው። እትዬ አረጋሽ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና አማተቡ። «ወጥ ነው ማር?» አሉ። ቆይተው ደግሞ በሌላ ጣታቸው ቀመሱ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልበገር አሉ። ቢራራ የመጨረሻውን ብልት ሊያነሳ ሲል እጁን ያዙት። «ይቺን አትከትፋትም! ፈረሰኛ ናት። የአባወራው ድርሻ ናት።» ስለዚህ ፈረሰኛው ከነአጥንቱ ተጠብሶ፣ በዳቦ መሐል ተደርጎ፣ ለብቻው ሳህን ላይ ተቀመጠ። አጥንቱ በጎን ብቅ ብሎ ጆሮ ያለው በርገር አስመስሎታል።

«ስጡዬ!» የትናየት ከጥበብ ጋር ደርሳ ከአጥሩ ውጭ ተጣራች።

ቢራራ ወደ ጓሮው በር አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። «ለካ የቪዲዮ ጥሪው አለ። እዚሁ እቆያለሁ፤ ስትደውሉ ከዚህ አነሳለሁ። ያ ግድግዳ ነጭ ነው፤ ሆቴል ይመስላል።»

«እዚያ አሁን ማታ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው መስኮቱን እዘጋዋለሁ።» ዳቦው የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ አንስቶ ራሱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«እኔስ የት ነኝ?» አሉ እትዬ አረጋሽ ከምድጃው ጎን። «ቻይና?»

ስጦታ የጓዳውን መጋረጃ ጥላ ወጣች።

በርገሩ ሲቀርብ ጥበብ መጀመሪያ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ገመጠ፤ ከዚያም በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ቁሌቱ በአገጩ ሲወርድ እንኳ አልጠረገውም። የትናየት እየበላች ከጥበብ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «አላልኩህም? አላልኩህም ወይ?» ትለዋለች በየጉርሻው። ይህን ያህል ደስ ብሏት ስጦታ አይታት አታውቅም። ስጦታ የራሷን አንዴ ገመጠችና አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ፤» አለ ጥበብ ጣቱን እየላሰ። «ፐ! ይሄ የጎንደሩን ያስንቃል። በይ፣ ቁጥራቸውን ጻፊልኝ።» ስልኩን አቀበላት።

ስጦታ መጻፍ ጀመረች። ዜሮ ዘጠኝ ብላ ሳታበቃ ኮሪያ በዜሮ ዘጠኝ እንደማይደወል ትዝ አላት። ቀና ስትል መጋረጃው በአንድ በኩል ገርበብ ብሏል።

አባቷ ከነጩ ግድግዳ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጨርቁ ራሱ ላይ ተቆልሏል። ስልኩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ «አንዮንግሃሴዮ… አንዮንግሃሴዮ…»፤ ከቱሪስቶቹ የለመደውን ሰላምታ ያጠናል። መስኮቱን ዘግቶታልና ጭሱ ዓይኑን ይለበልበዋል። በክንዱ ይጠርግና እንደገና ቀጥ ይላል፤ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዲወጣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ተማሪ። አጠገቡ ፈረሰኛው ሳህኑ ላይ ተቀምጧል፤ አልነካውም።

«ምነው፣ ኔትወርክ የለም?» አለ ጥበብ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ደባርቅ ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ ሲሉት የማያምን ሰው የለም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ የትናየትም በተስፋ ታያታለች፤ አይቻቸዋለሁ ብላ ምላለችና ከእሷ በላይ አዎ እንድትል የምትፈልገው የትናየት ናት።

ስጦታ የጻፈችውን አጠፋችና ስልኩን መለሰችለት።

«የትናዬ፣» አለች ጓደኛዋን እጇ ላይ ነክታ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለምኑ?»

ስጦታ ጥግ ካለው ትርፍ ዱካ አቧራውን በእጇ አራገፈች፤ አምጥታ በጥበብና በየትናየት መሐል አኖረችው። ከዚያ ሄዳ መጋረጃውን እስከ ጫፉ ገለጠችው።

«አባዬ፣ ስልኩን አስቀምጠውና ና። ፈረሰኛው እየቀዘቀዘብህ ነው።»

ቢራራ ደነገጠ። እጁ ወደ ራሱ ሄደ። «ኮፍያውን ላውልቀው?» አላት በሹክሹክታ።

«አታውልቀው።»