ከኋላ አይሰማም

መብራቱን ቀንሱት። ጆሯችሁን ግን እንዳትቀንሱ። በሩ ጋ ማንም አይቀመጥ፤ ሁላችሁም ወደ እኔ ጠጋ በሉ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ ካሴት ቀርቶ ፍላሽ የገባ ሰሞን ነው። በአንድ መንደር ዘርጋው የሚባል ሾፌር ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ጨረቃ የለ፣ ውሻ የለ፣ ሰው የለ። ዘርጋው ደብል ጋቢናውን ይዞ ብቻውን ወደ ቤቱ ይበራል። መንገዱን ወንዝ ያቋርጠዋል፤ ወንዙ ድልድይ የለውም። የዚያ አገር ሾፌር ወንዙ ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ይቆማል። ሞተሩን ያጠፋል። ቴፑን ይዘጋል። መስኮቱን አውርዶ ውሃውን ያዳምጣል። የሌሊት ጎርፍ በዓይን አይታይማ!

ዘርጋው ግን የዚያን ቀን አዲስ ቴፕ አስገጥሟል። ድምፁን ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ራሱ ጆሮ አምጥቶታል። የኋላዎቹ ስፒከሮች ጭጭ። ቤዙ እስከ ጥግ! የገጠመለት ባለሙያ መክሮት ነበር። "ፍላሽ ላይ ሺህ ዘፈን ልጫን ስትል ዘፈኑ ተጨምቆ ነው የሚገባው፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ይረግፋል። ቤዝ ብትቆልልበት ትርፉ ጉርምርምታ ነው" ብሎታል። ሰማ? ምን ሊሰማ! መኪናው ድም ድም ይላል፤ የዘርጋው ጥርስም አብሮ ድም ድም ይላል።

"ዛሬማ ለማንም ወንዝ ብዬ አዲስ ቴፕ አልዘጋም" አለና ቁልቁለቱን ጀመረ።

ያኔ ጭጭ ካለው ከኋላው ስፒከር ድምፅ መጣ።

"ከኋላ አይሰማም።"

ዘርጋው ፍላሹ መስሎት ዘፈን ቀየረ።

"ከኋላ አይሰማም አልኩህ እኮ!"

አሁን ይሄ ዘፈን ነው? እናንተ ምን ትላላችሁ?  ዘርጋው ቶሎ ብሎ ድምፁን ወደ ኋላ አደላው።

"አሁንስ... ተሰማ?"

"ትሬብል ጨምር እንጂ፣ ቀጭኑን ድምፅ! ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባለች እንዴ?"

ጨመረ።

"ቤዙን ቀንስ። ቀንስ። አሁንም ቀንስ።"

ቤዙ ዜሮ ገባ። ጉርምርምታው ግን አልቆመም።

ዘርጋው በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። መጀመሪያ ኮፍያ ታየው። ቀጥሎ ጢም። ጢሙ ውሃ ያንጠባጥባል። አምና ክረምት ያ ወንዝ ከነመኪናው የወሰደው ሾፌር፣ ጋሽ ደምለው!

"ጋሽ ደምለው... እርስዎ ሞተው የለም እንዴ?"

"ሞቻለሁ። ቴፕ ከፍቼ ነው የሞትኩት። ዝጋው!"

ዘጋ። ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። መስኮቱን አወረደ። ምን ሰማ መሰላችሁ? ጎርፍ! ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፍ እየነቀለ፣ ከጎማው አንድ እርምጃ ፊት! ዘርጋው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው። ግን ርሷል።

እና ልጆቼ፣ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም ወንዝ ጋ ቴፕ ዝጉ። ጋሽ ደምለው ዛሬም...

ቆይ። ማነው "ከኋላ አይሰማም" ያለው? በሩ ጋ ማንም አይቀመጥ አላልኩም?

ኧረ መብራቱን ጨምሩት! ወለሉ ርሷል!