ጀርባውን የሰጠው ረድፍ

የመጨረሻው ረድፍ ፊቱን ተፈነካክቶ ተገኘ።

የፀሐይ ፓኔሎቹ ከነብረታቸው ቆመዋል። መስታወታቸው ግን የሸረሪት ድር መስሏል። ከሥራቸው ጡጫ ጡጫ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተበትነዋል። የማመንጫው ሥራ አስኪያጅ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አስከሬን ፊት እንደቆመ ሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ በምዕራብ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ቤት ጠቆመ።

«ገዳይዋ እዚያ ናት።»

መርማሪዋ ፖሊስ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር እያራገፈች ነበር።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለች።

አልሳቀም።

ቤቱ የአንዲት አሮጊት ነው። እርሻው በሙሉ የእሳቸውና የሟች ባላቸው ነበር። አብዛኛውን ለኩባንያው አከራዩ፤ ከጓሯቸው ያለውን የባቄላ ማሳ ግን እምቢ አሉ። ኩባንያው ደግሞ ማስፋፊያውን የሚፈልገው እዚያው ላይ ነው። በሽማግሌ ተለመኑ። በጠበቃ ተለመኑ። በኬክ ተለመኑ። ኬኩን በሉ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው «እማማ አልፈርምም» ይላቸዋል።

«ውሉ ላይ አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከቤተሰቡ አንድ ሰው ንብረት ካጠፋ፣ የቀረው መሬት ለማስፋፊያው ይሆናል። የባቄላው ነገር አበቃለት።»

«በጣም አዝነዋል ማለት ነው።»

«እጅግ» አለ። ጥርሱን ለመደበቅ ጊዜ ወሰደበት።

እማማ አልፈርምም ማሳቸው ውስጥ አጎንብሰው ይኮተኩታሉ። ፖሊስ መጣ ብለው ቀና አላሉም።

«ድንጋይ ወርውረዋል እማማ?»

«ብወረውር ሥራ አስኪያጁን እስተው ነበር?»

«በጎችዎስ? ከፓኔሎቹ ሥር ሣሩን የሚግጡት የእርስዎ ናቸው። አውራው በግ መስታወት ውስጥ መልኩን ሲያይ ይዋጋል አሉኝ።»

«ሻለቃ? ጠበኛነቱስ ጠበኛ ነው። ግን በግ ሲመታ ከታች ነው፣ አይዘልም። እነዚያን የፈነከቷቸው አናታቸውን ነው።»

መርማሪዋ ዞር ብላ አየች። እውነት ነው፤ የታችኛው መስታወት ደህና ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ ልጄ? እዚሁ። ፓኔሎቹ ናቸው የሚዞሩት። ጠዋት ፀሐይዋን ያዩና ለኔ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። ወደ ማታ ፊታቸውን ይመልሳሉ። የበኩር ልጄም እንደዚያው ነው።»

«ልጅዎ?»

«እዚያው ቴክኒሻን ነው። በአጥሩ በኩል መኮትኮቻዬን ብረታቸው ላይ ባስደግፍ፣ ‹ኤሌክትሪክ ነው፣ አትንኪ› እያለ ይጮህብኛል። ‹ልጄ› ብዬ ስጠራው ደግሞ፣ ‹ይሄን ሰደርያ ለብሼ ልጅሽ አይደለሁም፣ የኩባንያው ሰው ነኝ› አለኝ። አለቃው ቆሞ አጨበጨበለት።»

ኮተኮቱ።

ቴክኒሻኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ንጹሕ ጓንት፣ ያዘነ ፊት።

«ረድፉ መዞርም ማመንጨትም ያቆመው ረፋዱ ላይ ነው» አለ። «እናትን መክሰስ ከባድ ነው። ግን ድንጋዩ የእሷ ማሳ ድንጋይ ነው።»

«ረፋድ ላይ ፓኔሎቹ ወዴት ነበር የዞሩት?»

ቴክኒሻኑ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ተከትሏት የገባው ሥራ አስኪያጅ አዋቂ መምሰል ይወዳል። «ወደ ምሥራቅ ነዋ» አለ።

«የእማማ ቤት በምዕራብ ነው። ከዚያ የተወረወረ ድንጋይ ጀርባቸውን ነው የሚመታው። የተሰበረው ግን ፊታቸው ነው።»

«ዞራ ገብታ ይሆናላ።»

«ጥበቃው ከሠራተኛ በቀር ማንንም አላስገባሁም ብሏል።»

ተያይዘው ወደ ረድፉ ተመለሱ። መርማሪዋ ምንም ሳትናገር ባዶ እጇን ወደተሰበረው ፓኔል ሰደደች።

«ኧረ ይተዉ፣ ይገድልዎታል» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ወደኋላ ዘለለ። ሻለቃን ረገጠ። ሻለቃም የዜግነት ግዴታውን ተወጣ።

ቴክኒሻኑ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

መርማሪዋ እጇን ከመስታወቱ አጠገብ አቆመች። «እናትህ መኮትኮቻ ሲያስደግፉ ትጮሃለህ። እኔ በባዶ እጄ ልነካው ስል ዝም አልክ።»

«ሳላይ ነው።»

«እያየኸኝ ነበር። መስመሩ እንደተዘጋ ታውቃለህ።»

ሥራ አስኪያጁ ወገቡን እያሻሸ የማጥፊያውን ሳጥን ፍለጋ ሄደ፤ በተሳሳተው ጫፍ። ሳጥኑ በሌላኛው ጫፍ ተገኘ። በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ማጥፊያው ወርዷል። ተናድዶ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አስቀድሞ ኤሌክትሪክ አያቋርጥም። ይህን የሚያደርገው ሳያጠፋ መንካት ነውር የሆነበት ሰው ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ ወንጀሉን የሠራው የደኅንነት መመሪያውን አክብሮ ነበር። ጓንቱ ሳይቀር።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

ቴክኒሻኑ የራስ ቁሩን አወለቀ። «ማስፋፊያው ከተሠራ ኃላፊው አንተ ነህ አሉኝ። እሷ ደግሞ ለባቄላ ብላ... ባቄላ እኮ ነው!»

የሥራ አስኪያጁ ዓይን በራ። «ቢሆንስ? ልጇ ቤተሰብ አይደለም እንዴ? ውሉ ‹ከቤተሰቡ አንድ ሰው› ነው የሚለው። ማሳው የእኛ ነው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች።

«ያጠፋው በሥራ ሰዓት ነው?» አለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ። እማማ አልፈርምም መኮትኮቻቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«አዎ እማማ።»

«በማን ቁልፍ?»

«በኩባንያው።»

«የማንን ሰደርያ ለብሶ?»

ሁሉም ቴክኒሻኑን አዩት። ቴክኒሻኑ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲህ ያንን ሲለብስ የማን ሰው እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። «አንተም አጨብጭበህለታል። ፓኔላችሁን የሰበረው ሰዋችሁ ነው። ክሰሱት። የኔ ልጅ ገና አልመጣም።»

ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተ። ሻለቃ ቀና አለ። አፉን ዘጋ።

«ልወስደው ነው እማማ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

መኮትኮቻቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ውሰጂው። ሲፈቱት ያንን ሰደርያ አውልቆ ይምጣ። የሚኮተኮት አለ።»

ወደ ማታ ፓኔሎቹ ሲጢጥ እያሉ ፊታቸውን ወደ ባቄላው ማሳ መለሱ። የተሰበረው ረድፍ ብቻ ጀርባውን እንደሰጠ ቀረ።

እማማ አልፈርምም ቀና ብለው አላዩትም። ማሳው አረም ነበረበት።