ደረቁ ካርቶን

«ዛሬም ደረቅ ነው።»

ልጅቷ ለራሷ ነው ያለችው። ማታ የአባቷ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ የዘረጋችው ካርቶን ለአራተኛ ቀን አንዲት ጠብታ ሳትነካው አደረ። ኮፈኑን ከፍታ የራዲያተሩን ክዳን ስትፈታ ግን ውሃው እንደ ልማዱ ጎድሏል። አንድ ሊትር ያህል ጨመረችበትና ጀሪካኑን ከበርሜሉ ጀርባ ሸሸገችው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ የመኪናውን ውሃ ማየት የእርሷ ሥራ ነው። አባቷ ከሥራ የሚገባው እርሷ ከተኛች በኋላ ነው። ጎን ለጎን የሚቀመጡት ጠዋት፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ብዙ አይነጋገሩም። ቢሆንም ቤቱ ጭር ሲልባት የምትሰነቀው ያችኑ ሃያ ደቂቃ ነበር።

መኪናው ጋራዥ ከገባ አባቷ ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ይሄዳል። ስለዚህ «ውሃው እንዴት ነው?» ባላት ቁጥር «ሙሉ ነው» ትለዋለች። ሐሰት አይደለም፤ የሞላችው ራሷ ናትና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ትናንት ጎረቤታቸውን መካኒክ ጠይቃው ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃ ሳይፈስ የሚጎድለው ወዴት እየሄደ ነው?»

«የማን መኪና ነው፣ ኢንጂነር?»

«የ... የጓደኛዬ አባት።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «ላዩ ደኅና፣ ውስጡን ለቄስ ነዋ። ከሞተሩ ራስ ስር ያለው፣ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ጋስኬት ተበልቶ ይሆናል። ውሃው ወይ በጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ከዘይቱ ይቀላቀላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠሽ እዪው። ወተት የመሰለ አረፋ ከያዘ ሞተሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ውሃ እየጨመረ የሚደብቅለት ሰው ካለማ፣ ጉድጓዱን እየማሰለት ነው።»

አሁን የዘይቱን ክዳን ፈትታ ገለበጠችው። ነጣ ያለ አረፋ ከውስጡ ተለጥፏል። በግራ እጇ ጨርቅ ይዛለች፤ አንድ ጊዜ ብትጠርገው ማንም አያይም። የቤቱ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«ልጄ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

ጨርቁን ኪሷ ከተተችና ክዳኑን እንደ ተገለበጠ በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«በየቀኑ ይጎድላል፣ አባዬ። እኔ ነኝ የምሞላው። ሁለት ሳምንት ሆነ።»

አባቷ ክዳኑን ተመለከተው፤ ከዚያ ከበርሜሉ ጀርባ ጫፉ ብቅ ያለውን ጀሪካን አየ። የመኪናውን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

ክዳኑን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ኮፈኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት። አንቺ ተኚ።»

እርሷ ግን ማታ ደወሉን ለአሥር ተኩል ሞላችው፤ ጫማዋንም ከበሩ ስር፣ አባቷ ጫማውን ከሚያኖርበት አጠገብ፣ አስተካክላ አኖረች። የአውቶቡሱ ፌርማታ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል።