ለኗሪ የሚሰጥ ስጦታ

ታልማ በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት ደቡብ ያለች፣ ጥድና ኦቾሎኒ የሚበቅልባት ወረዳ ናት። በእርስዋ ዘንድ ቤት እጅግ ርካሽ ነው፤ የተወደደው ሰው ነው። የካልሲ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ጓዙን እየጠቀለለ ወደ ከተማ ተሰድዷል። የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳው ሻርሊን ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የወንበሮቿ እኩሌታ ባዶ ሆኗልና።

አባቷም ሥራ ፍለጋ እንደ ወጡ ቀርተዋል። ያን ጊዜ በር ላይ ቆማ አልቅሳ ለምናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሄድን ሰው «አትሂድ» ላትለው ከልቧ ጋር ቃል ተጋባች።

ኮርዴል የመጣው በሚያዝያ ነው። የኢንተርኔት መስመር ዘርጊ ነበረና ለሦስት ወር ብቻ ብሎ ከሻርሊን ጎን ያለውን የቶሊቨር ቤተሰብ አሮጌ ቤት ተከራየ። በገባ በማግስቱ የበረንዳው ወለል ተሰብሮ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ሻርሊን ይህን አይታ አውቶቡሷን አቆመች።

«ቤቱን እየለካኸው ነው?»

«እሱ ነው እኔን እየለካኝ ያለው» አላት፣ እግሩን ሳያወጣ።

ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬያቸው አጥር አላገደውም። ኮርዴልም የበረንዳውን ወለል በአዲስ ጣውላ ሠራው።

«ለሰው ቤት ይህን ያህል መልፋት ምንድን ነው?»

«ከሥራ ስትመለሺ ቁጭ ብዬ የማይሽበት ቦታ ልጣ እንዴ?»

ሻርሊን ዓይኗን ከእርሱ ለመንቀል ዘገየች።

በታልማ ተከራይ በረንዳ አይጠግንም፤ የሚጠግን ኗሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች «ልጁ ቤቱን ገዛው» ብለው ደመደሙ። ሊኖር ለመጣ ሰው ደግሞ ምእመናኑ አንድ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ የሚበላ ነገር ይዘው በሩ ድረስ መሄዳቸው ከአያቶቻቸው የወረሱት ሥርዓት ነው።

ዓርብ ማታ ኮርዴል አጥሩን ተደግፎ፣ «ሰኞ ወደ ቴክሳስ እሄዳለሁ፤ ሌላ መስመር አለ» አላትና ፊቷን ተመለከተ።

«መንገዱ የተቃና ይሁንልህ» አለችው። ወደ ቤቷም ገባች።

በማግስቱ ከእናቶቹ አንዷ እማማ ኦሊ የእሑዱን ስጦታ በሹክሹክታ ነገሯት። እኚህ ሴት በመንደሩ ያልዳሩትና ያልቀበሩት የለም። ሻርሊን እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሠላሳ ሰው በረንዳውን ሞላው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ባቄላ፣ ቅቤ፣ በማሰሮ የታሸገ የበለስ ማርማላታ ተደረደረ። ኮርዴል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ፊቱም ተለወጠ።

«እናቶቼ፣ ተሳስታችኋል። ቤቱን አልገዛሁም። ነገ ወደ ቴክሳስ እሄዳለሁ።»

«እኛ የሰጠነውን አንመልስም» አሉ እማማ ኦሊ። «ባቄላህን እየቀቀልክ ቴክሳስ ትደርሳለህ።»

ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልበረከተም። አሮጊቷ ወደ ሻርሊን ዞሩ።

«አንቺስ? ጎረቤቱ ሆነሽ ባዶ እጅሽን ትመጪ?»

«እንደሚሄድ አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዓርብ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስንሸከም ዝም አልሽ?»

ሻርሊን ጣውላው ላይ አፈጠጠች። «እኔ አትሂድ ማለት አቃተኝ። ሠላሳ ሰው በሩ ላይ ሲያይ ይቀር ይሆናል ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ኮርዴል ዞረ። በመጨረሻ እማማ ኦሊ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ኑ እንጂ፤ ጥላው ከጓሮ ነው» ብለው ሕዝቡን ነዱት።

ሁለቱ ስጦታውን ተሸክመው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

«የወረዳው የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበር የዘረጋነውን የኢንተርኔት መስመር እየጠገነ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። እዚሁ እንድቀር ለምኖኛል» አለ ኮርዴል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ዓርብ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን መርቀሽ ሸኘሽኝ።»

ሻርሊን ከንፈሯን ነከሰች። «ደሞዙስ?»

«ግማሽ ነው።»

«ላታልልህ አልፈልግም፤ ፋብሪካው አይመለስም። እዚህ የበጋው ሙቀት ከባድ፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው።»

«በግማሹ እዚህ ቤት ይገዛል፤ በሙሉው ቴክሳስ አንድ ክፍል እንኳ አልከራይበትም። መስመሩ ከገባ ደግሞ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ይመጣል። ሁሉም ባይሆን እንኳ አንዳንዱ።» ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔን የሚያሰጋኝ ደሞዙ አይደለም፣ ሻርሊን።»

ሻርሊን የያዘችውን ስኳር አስቀመጠች። የአባቷ ጀርባ በዓይኗ ዞረ፤ ቢሆንም ቀና ብላ አየችው።

«አትሂድ» አለች።

ኮርዴል የዱቄቱን ከረጢት አነሣ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ስኳሩን አነሣ።

«ዱቄቱን ከላይ አድርገው» አሉ እማማ ኦሊ በመስኮቱ በኩል፤ «የዚህ ቤት አይጥ ነባር ኗሪ ነው።»