የባላጋራ ዋስ

በዚያ ጧት በዘንበራ ገበያ የተከመረው ጨው ሁሉ አላበው። ፀሐይ ገና አልሞቀችም፤ ዝናብም አልጣለም፤ ግን ከየክምሩ ውሃ እየተንጠባጠበ መሬቱን አረሰረሰው። ሽማግሌዎች «ጨው ካለቀሰ አገር ይከፋዋል» አሉ። ወዲያው ከገበያው መካከል ጩኸት ተነሣ። ቁናው ከድንጋይ ምሰሶው ላይ የለም!

ለእንግዳ ሰው ቁና ተራ ዕቃ ነው። ለዘንበራ ግን ከዙፋኑ ይበልጥ ነበር። ከአንድ ጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ መስፈሪያ ነው። የሐይቅ ሰዎች ጨዋቸውን በእሱ እየሰፈሩ ይሸጣሉ፤ የአምባ ሰዎች በእሱ እያሰፈሩ ይገዛሉ። ሁለቱ ወገኖች በዘውድ፣ በመሬት፣ በሙሽራም ሳይቀር ሲጣሉ ሦስት መቶ ዓመት ኖረዋል። «ቁናው ሞላ» ሲባል ግን አልሞላም ብሎ የተከራከረ አልነበረም። አሁን እሱ ሲጠፋ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁና ከእንጨት ጠረበ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ የሌላውን ቁና ሰበረ። በሦስተኛው ስለ አንድ እፍኝ ጨው ሰው ተገደለ።

ከምሰሶው አንሥቶ ወደ ሰልቃጭ ተራራ አቅጣጫ አንድ ክብ ነገር የተንከባለለበት መስመር በአቧራው ላይ ይታይ ነበር። በአጠገቡ የሰው ዱካ አልነበረም። ይህን ሁሉም ሰው አየ፤ አንድም ሰው አልተናገረውም። የአምባ ሰው በባዶው አቧራ ላይ የሐይቅን ሌባ አየ፤ የሐይቅ ሰውም የአምባን። ወገን የያዘ ዓይን እንዲህ ነው፤ ሳያይ ይፈርዳል።

በንግሥቲቱ ችሎት ለአምባ የቆመችው ሐርመላ ነበረች። የአምባው መሪ የአዛዥ ዘርጋው ልጅ ናት። በሃያ አራት ዓመቷ ሠላሳ አንድ ሙግት ተሟግታለች፤ «ረታኸኝ» የሚለው የተሸናፊ ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለሐይቅ የቆመው ጎሽሜ ነበር። ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም፣ ሲሥቅ ችሎቱን የሚያናጋ ሰው ነው፤ እሷ ብቻዋን አሥራ አንድ ጊዜ ረትታዋለች።

«ሌባው ሐይቅ ነው!» አለች ሐርመላ ጣቷን ቀስራበት።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል» አለ ጎሽሜ። «ሌባው አምባ ነው።»

አሮጊቷ ንግሥት እጇን አነሣች። «ሁለታችሁም ሌባውን እናውቃለን ብላችሁ በአደባባይ ምላችኋል። የዘንበራን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ነገር እርስ በርስ የተካሰሱ ሰዎች ነገሩ እስኪለይ በቁራኛ ይታሰራሉ። እንግዲህ ቁናውን አምጡ። ካላመጣችሁት ሰንሰለቱ አብሯችሁ ይቀበራል።»

የሐርመላ ቀኝ እጅ ከጎሽሜ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኘ። እንዲህ ታስረው የአቧራውን መስመር እየተከተሉ በገደል ዙሪያ ሦስት ቀን ተጓዙ። ሐርመላ እጇን ሳታወናጭፍ መናገር አትችልም፤ በተናገረች ቁጥር የጎሽሜ ክንድ አብሮ ይወናጨፋል።

«ቀስ በይ እንጂ እሜቴ! እጄን ነቅለሽ ልትሟገችበት ነው?»

«አንተ ፈጠን በል! የጨው አህያ እንኳ ካንተ ይሻላል።»

«የጨው አህያማ ታድላለች። የተጫነችው ጨው አይናገርም። እኔን የጫኑኝ አንቺን ነው።»

አንዱ ሳይነቃ ሌላው ማከክ አይችልም፤ አንዱ ሳይጎነበስ ሌላው ከምንጭ አይጠጣም። ጠላትን ይህን ያህል በቅርብ መጥላት አድካሚ መሆኑን ሐርመላ ያን ጊዜ ተረዳች። ለእሱ ግን አልነገረችውም፤ ነጥብ ያስቆጥርባታል።

በሦስተኛው ቀን የመስመሩ ፍጻሜ ሰልቃጭ ተራራ አፍ ውስጥ አስገባቸው። ሃያ እርምጃ እንደ ሄዱ ከኋላቸው ድንጋዩ እንደ ከንፈር ገጠመ። ሐርመላ በጡጫዋ ደበደበችው፤ ድምፅ እንኳ አልሰጠም። ከፊታቸው ቁናው ተቀምጧል። ዙሪያውን የተጠመጠመው ዝማም ነው፤ ዓይን የሌለው፣ ገላው ከራሱ እስከ ጅራቱ ጆሮ ብቻ የሆነ፣ ቅርፊቱ በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ ጥንታዊ አውሬ።

«ቁናውን ማን ሰረቀው?» አለ ዝማም።

«ሐይቅ!» አለች ሐርመላ። ግድግዳው በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር ቀረበ።

«አምባ!» አለ ጎሽሜ። ሌላ ስንዝር ቀረበ።

ሐርመላ ያላሳመነችው በደንብ ስላልተሟገተች መሰላት። በአባቶቿ አጥንት ማለች፤ ሕግ ጠቀሰች፤ የሐይቅን የሰባት ትውልድ በደል አንድ በአንድ ዘረዘረች። ጎሽሜም የአምባን ዘረዘረ። ሁለቱም ተራቀቁ፤ ሁለቱም አማረባቸው። ግድግዳው በእያንዳንዱ ያማረ ቃል እየተጠጋ መጣ። በመጨረሻ የጎሽሜ ሆድ ድንጋዩን ነካ፤ የሐርመላ ጀርባ ከበስተኋላዋ ካለው ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። አየሩ ከአፏ ወጥቶ ወደ አፏ የሚመለስ ሆነ። ልትጮኽ ፈለገች፤ ደረቷ የሚነፋበት ቦታ አልነበረም።

«ሐርመላ» አለ ጎሽሜ ሳይሥቅ። «አሁን ማንን ልንረታ ነው? ድንጋዩን?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት በቁናው መቀመጫ ሙጫ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ጨው እንዲይዝ። አለቆቼ አዘዙኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሠራሁት።»

ግድግዳው ቆመ።

 በሐርመላ ዓይን የመጣው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ያየችው ነገር ነበር። አባቷ ቁናውን በጉልበቱ መካከል ይዞ ብዙ ጨው እንዲይዝ ውስጡን በመሮ ይፍቃል፤ እሷ ጥቁሩን ትቢያ በቀሚሷ ተሸክማ ወንዝ ትደፋለች። ሠላሳ አንዱንም ሙግት በዚያ ትቢያ ላይ ቆማ ነው የተሟገተችው።

«እኛ ደግሞ ፋቅነው» አለች። «አባቴና እኔ።»

ግድግዳው ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ ተመለሰ። ሐርመላ እየሳለች አየሩን ማገች።

«ሌባ የለም» አለ ዝማም። «በአንድ ወገን ሲፋቅ፣ በሌላው ሲደፈን ቁናው ልኩን አጣ። አፈረና ሸሽቶ መጣ። ውሰዱት። ነገር ግን በጨለማ የተነገረ እውነት አይሰፈርም፤ በገበያ መካከል ይነገር። እስከዚያ ዋስ እፈልጋለሁ። በዘንበራ ሕግ ደግሞ ለወገኑ ዋስ የሚሆን የለም፤ ዋስ የሚጠራው ከባላጋራ ነው።»

ይህ የጥንት ሕግ ነበር። ከተሻረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የሻረው አዋጅ ሳይሆን ለባላጋራው ዋስ የሚሆን ሰው መጥፋቱ ነው።

በተራራው አፍ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተ። ጎሽሜ ስንጥቁን አየ፤ ሆዱን አየ፤ ከዚያ ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ሣቀ። «በቃ፣ ሆዴ ፈረደብኝ! ዋስሽ እኔ ነኝ።»

ዝማም ሰንሰለቱን መካከል ላይ ነክሶ በጠሰው። «ስሚ» አላት። «ጠማማ ቃል በተናገርሽ ቁጥር ግድግዳው ወደ ዋስሽ አንድ ስንዝር ይቀርባል፤ በእጅሽ የቀረው የሰንሰለቱ ቀለበትም ይነክስሻል። ያለው ሁለት ስንዝር ብቻ ነው።»

«አንቺ ያንቺን ብቻ ተናገሪ» አለ ጎሽሜ። «የእኔን ወጥቼ ራሴ እናገራለሁ። ደግሞ ስወጣ አንድ ጊዜ እንኳ ረታኸኝ በይኝ።»

«ያን ቀን ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች» አለችው፤ ቁናውን በጀርባዋ አዝላ በስንጥቁ ሾልካ ወጣች።

ዘንበራ በደረሰች ጊዜ ገበያው ሞልቶ ነበር። የአምባ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የሐይቅ ሰዎች በሌላው፣ ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው። አባቷ ከሁሉ ቀድሞ አቀፋት፤ በጆሮዋም «ሰውዬውስ?» አላት።

«ዋሴ ሆኖ ተራራው ውስጥ ቀረ።»

«እሰይ! አንድ ጠላት ተቃለለ። ሐይቅ ሰረቀው በይ ልጄ፤ ሌላውን ለእኔ ተይው።»

ሐርመላ ቁናውን በምሰሶው ላይ አስቀምጣ ቆመች። ውሸት እንደማትናገር ቆርጣለች። ግን አባቷ ከፊቷ ቆሞ ፈገግ ይላል። እውነቱን ሳትዋሽ ማለፍ የሚቻል መሰላት፤ ጎበዝ ተሟጋች አይደለች?

«የዘንበራ ሰዎች ሆይ! ቁናው ጉዳት ደርሶበታል። ስሕተቶች ተፈጽመዋል።»

ቀለበቱ እጇን ነከሳት። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ።

«በሁለቱም ወገን» አለች ላብ እያጠመቃት፣ «ጥፋት ያጠፉ አንዳንድ ሰዎች አሉ።»

ቀለበቱ እስከ አጥንቷ ዘለቀ። ሕዝቡ ይበልጥ አጨበጨበ። አምባም ሐይቅም ራሱን ነቀነቀ፤ ስሙ የተጠራ የለምና። አገር የሚገድለው እንዲህ ያለው ቃል ነው፤ ሁሉ የሚያጨበጭብለት፣ ማንም የማይጠየቅበት።

ከዚያ ቀለበቱ በረደ። መንከሱን ተወ። ሐርመላ ጠበቀችው፤ ምንም የለም። ምሕረት የተደረገላት መሰላት። አሁን የሚያስገድዳት አልነበረም፤ ጭብጨባውን ይዛ መውረድ ትችላለች።

ዓይኗ ከምሰሶው ሥር በተከመረው ጨው ላይ አረፈ። አሁንም ያልበዋል። የሚወርደው ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ ጥቁር ትቢያ ያወጣል።

«የፋቀው አባቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «አዛዥ ዘርጋው ነው። ትቢያውን በቀሚሴ የተሸከምኩት እኔ ነኝ!»

ጭብጨባው ተቆረጠ። የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሯን መታት፤ የወረወረው የአምባ ሰው፣ የገዛ አጎቷ ነበር። አዛዥ ዘርጋው ፊቱ አመድ ሆኖ፣ «ከዛሬ ወዲያ ልጅ የለኝም» አለ። ካባውን ሰብስቦ ሄደ። ግማሹ አምባ ተከትሎት ወጣ። ግማሹ ግን ቆመ።

ከሐይቅ በኩል አንዲት ሴት ሰዉን እየገፉ መጡ። የጎሽሜ እናት እማማ ብርቄ ነበሩ። እጃቸውን ቁናው ውስጥ ከተው በጥፍራቸው ቆፈሩና የደረቀ ሙጫ አውጥተው ከፍ አደረጉት።

«ይህ ደግሞ የእኛ ነው» አሉ። «ልጄ ሲያፈስ አይቼ ዝም ብያለሁ። እሷ አባቷን ከሰጠች እኔ ምኔን ልደብቅ?»

በዚያው ቀን የአምባና የሐይቅ ጠራቢዎች አንድ መዶሻ እየተቀባበሉ የቁናውን አፍ ዝቅ አደረጉት፤ የተፋቀው ተካካሰ፤ ልኩ ተመለሰ። ጨው ተሰፈረ። «ቁናው ሞላ!» ሲባል የመለሰ ድምፅ ግማሽ ነበር፤ ግን ከሁለቱም በኩል ነበር።

እማማ ብርቄ ዳቦ ቆሎ ሰነቁ። «ሲርበው ክፉ ነው» አሉ። ሐርመላ በመንገድ ሁሉ ለጎሽሜ የምትለውን ስድብ ስታዘጋጅ፣ እሳቸውም ሲሥቁ ሰልቃጭ ተራራ ደረሱ። አፉ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጎሽሜ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቁጭ ብሎ ነበር። ግራ እጁ ከነሰንሰለቱ ወደ በሩ ተዘርግቷል። እናቱ ስሙን ጠሩት። አልመለሰም።

«ነግሬያለሁ! ስም ጠርቼ ተናግሬያለሁ!» ብላ ሐርመላ በዝማም ላይ ጮኸች።

«ሰምቻለሁ» አለ ዝማም። «እሱ ግን ሁለተኛውን ጠማማ ቃልሽን አላለፈውም። ቀለበትሽ የበረደው ያን ጊዜ ነው።»

ስንቁ ከእማማ ብርቄ እጅ ወደቀ። ለምን ዘገየሽ አላሏትም። ዝማም ጆሮዎቹን ሁሉ አጠፈ።

ሐርመላ ከጎሽሜ አጠገብ ተንበረከከች። የእሷን የሰንሰለት ቁራጭ ከእሱ ቁራጭ ጋር አንድ ላይ ይዛ፣ በሙግት ወግ ራሷን እስከ መሬት ዝቅ አደረገች።

«ረታኸኝ» አለችው።